በጨርቅ የተያዘ እጅ

ሱዳላይ በሜዳው ግራ ጥግ ቆሞ ለመከላከያው ሰንሰለት ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከጎኑ የተሰለፈው ቬልሳሚ የዘረጋለት ግን መዳፉን አልነበረም፤ በመዳፉ ላይ አጥብቆ የጠመጠመውን ቢጫ መሐረብ ነበር።

«ላብ ነው» አለ ቬልሳሚ፣ ዓይኑን ከመሐል መስመሩ ሳያነሣ። «እጄን ያልበኛል።»

ቬልሳሚ በሌላው ጎኑ የቡድኑን አለቃ የኢሳኪን እጅ ይዟል፤ በዚያኛው መዳፉ ላይ ጨርቅ የለም። ሱዳላይ ይህን አየ፤ አፉ ላይ የደረሰውንም ቃል መልሶ ዋጠው። ከኩሬው ማዶ፣ መንካታቸው ያረክሳል ከሚባሉት ከበሮ መቺዎች ሰፈር ወጥቶ ለኩላቱር መንደር ቡድን የተሰለፈ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረምና፣ መዋጥን ለምዶ ነበር። ይህ ግን አልዋጥ አለው። ተመልካች በሌለበት ልምምድ ሁሉ ቬልሳሚ እጁን በባዶ እጁ ሲይዘው ኖሯል። መሐረቡ የመጣው ዛሬ፣ በአምላኪቱ በካሊ በዓል፣ መንደሩ በሙሉ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ለፍጻሜው ግጥሚያ በተሰበሰበበት ቀን ነው።

የማናልፓቲ መንደር ወራሪ ሴንቱር የጨዋታውን ስም በአንድ ትንፋሽ እየደጋገመ መስመሩን ተሻገረ።

«ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ…»

«ድምፅህን አሰማ!» አለ ዳኛው።

ሴንቱር ድምፁን ከፍ አደረገ። ያ አንድ ትንፋሽ ሳይቆረጥ የነካውን ነክቶ ወደ ራሱ ሜዳ ከተመለሰ የተነካው ሁሉ ይወጣል፤ ተይዞ ትንፋሹ ካለቀ ግን ወጪው እሱ ነው። ወደ ኢሳኪ ያዘነበለ መስሎ ድንገት ተጠመዘዘና፣ ሱዳላይና ቬልሳሚ እጅ ለእጅ በተያያዙበት ቦታ ላይ በደረቱ ወደቀ። ሱዳላይ ጨበጠ። የጨበጠው ጨርቅ ግን እንደ ዓሣ ሾለከ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሴንቱር የሁለቱንም ትከሻ እየነካ በመሐላቸው አልፎ፣ ዞሮ፣ እየሳቀ ወደ ራሱ ሜዳ ገባ። ሁለቱም ከሜዳ ወጡ።

በሜዳው ዳር ከተተከለው ዳስ ሥር የቬልሳሚ አባት አያ ቲርማላይ ከወንበራቸው ተነሡ። የቡድኑን ልብስ በገንዘባቸው የሚያለብሱት እርሳቸው ናቸው።

«አንተ የማዶው! ለምን ለቀቅኸው?»

«እጁ ቅቤ ነው!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል።

«ከበሮ ስጡት፤ እሱን ከአባቱ ጀምሮ አጥብቆ መያዝ ያውቃል!» አለ ሌላው፤ ሳቁም ዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ።

«አያ፣ እኔ አልለቀቅሁም» አለ ሱዳላይ። «የሾለከው ጨርቁ ነው።»

«ጥፋትህን በልጄ ላይ ልትለጥፍ? ከታላቅ ጋር ስትነጋገር ዓይንህን ወደ መሬት!»

ሱዳላይ ወደ ቬልሳሚ ዞረ። አንዲት ቃል ብቻ በበቃች ነበር። ቬልሳሚ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታና ያስር ጀመር። በሱዳላይ ሆድ ውስጥ የነበረው ቁጣ እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ የሚጠፋ አልነበረም፤ አመድ የለበሰ ረመጥ ነበር፤ አሁን አመዱ ተገፈፈ።

በዕረፍት ሰዓት ኢሳኪ መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ዛሬን ብቻ ቻለው። ዋንጫው ይግባ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ትናንት በልምምድ ላይ እጁን አያልበውም ነበር?»

«ትናንት አባቱ አላዩትም።»

«እንግዲያው እኔ የምቆሽሸው አባቱ ሲያዩ ነው?»

«እኔ እንዲህ አላልሁም።»

«አላልህም። አንተ ምንም ብለህ አታውቅም።»

ኢሳኪን እዚያው ትቶት ወደ ቬልሳሚ ሄደ።

«መሐረቡን ፍታ።»

«አባዬ እያየ?»

«አባትህ እያዩ።»

«ተወኝ፣ ሱዳላይ። ማታ እዚያ ቤት የምገባው እኔ ነኝ።»

«እኔስ በየትኛው ፊቴ ነው ቤቴ የምገባው? እናቴ ከሜዳው ገመድ ውጭ ቆማ ‹እጁ ቅቤ ነው› ሲሉኝ ሰምታለች!»

ቬልሳሚ የመሐረቡን ጫፍ በጥርሱ ስቦ ቋጠሮውን አጠበቀ።

በሁለተኛው አጋማሽ ቡድናቸው ነጥብ ባገኘ ቁጥር የወጡት በየተራቸው ተመለሱ። ነጥቡ እኩል ሆኖ አንድ ወረራ ብቻ ሲቀር ሁለቱ እንደገና ጎን ለጎን ቆሙ። ሴንቱር በመስመሩ ላይ ወገቡን እያላላ የት እንደሚመታ አስቀድሞ መርጦ ነበር፤ ዓይኑ ከመሐረቡ አልተነሣም። አፈሩን በእጁ ዳስሶ ግንባሩን ነካ፤ ተሻገረም።

«ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ…»

ቬልሳሚ መሐረቡን ዘረጋ። ሱዳላይ ጨርቁን ጨበጠና በአንድ ጉተታ ከነቋጠሮው መንጭቆ ወደ ኋላው፣ ከሜዳው ውጭ ወረወረው። ከዳሱ በኩል አንድ ጩኸት ተሰማ። ቬልሳሚ እጁን ሊሰበስብ ቃጣ፤ ነገር ግን ሴንቱር ከፊታቸው ነበር፤ ለማፈር ጊዜ አልነበረም። ሱዳላይ እጁን ያዘው፤ ሥጋ ለሥጋ።

ሴንቱር በለመደው መንገድ መጣ። ሰንሰለቱ በደረቱ ላይ እንደ ደጋን ተለጠጠ፤ አልተበጠሰም። ሁለቱ ዞረው ጠቀለሉት፤ የቀሩትም እየተንደረደሩ ከላያቸው ወደቁ። ከክምሩ ሥር «ካባዲ» የሚለው ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ተቆረጠ። ፊሽካው ተነፋ።

ኩላቱር አሸነፈ። ሕዝቡ ገመዱን ጥሶ ገባ፤ ከበሮው ቀለጠ፤ አያ ቲርማላይ ዋንጫውን አቅፈው ከዳሱ ወረዱ። ቬልሳሚ ከአፈሩ ተነሥቶ እጁን ሳበ። እጁ አልመጣም።

«ልቀቀኝ፣ አለቀ እኮ!»

ሱዳላይም እጁን እንደ ያዘ ተነሣ።

«ኧረ በፈጠረህ! አባዬ እየመጣ ነው!»

ሱዳላይ የተያያዘውን እጅ ወደ ላይ አነሣው፤ ከዳሱም ከገመዱም ማዶ ያለ ሁሉ እስኪያየው ድረስ።

«አያ!» ብሎ ጮኸ። «ለምን ለቀቅህ ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ አልለቀቅሁም!»

ከበሮው ቆመ። አያ ቲርማላይ ካሉበት ሳይራመዱ፣ በቀስታ፣ «የልጄን እጅ ልቀቅ» አሉ።

«ያን ጊዜ ማን እንደ ለቀቀ ልጅዎ ይናገርና እለቃለሁ።»

ሁለት ጎልማሶች ሽርጣቸውን እየሰበሰቡ ከዳሱ ተነሡ። ኢሳኪ እግሩ ሥር ያለውን አፈር ያይ ነበር። ቬልሳሚ ወደ አባቱ፣ ቀጥሎም ወደ እጁ ተመለከተ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ…» አለ በሹክሹክታ። «ጨርቁ…»

«አልተሰማም» አለ ሱዳላይ፣ ጎልማሶቹ ሲቀርቡ እያየ፤ መዳፉንም ይበልጥ አጠበቀ። «ድምፅህን አሰማ!»