ማቋረጫው ሳይመጣ

«ወንድሟ ነው ጉድ የሠራቸው» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤት፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ኢንጂነር ነኝ ብሎ መጥቶ፣ ሥራውን ሳይጨርስ የመብራቱን መስመር አገናኝቶት ሄደ። ይኸው፣ ሰው በላበት።»

ሚስትየዋ ሰማች። ፍራሹ ላይ ከአማቷ ጎን ኩርምት ብላ፣ ያስጨበጧትን ሻይ ሳትቀምሰው እንደያዘች ነበር። ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። አምፖሉ ግን ድርግም እንዳለ ነው፤ ባሏ ከምሰሶው ላይ ከወደቀ ወዲህ ተርባይኑን ለማስነሣት የደፈረ የለም።

«ኧረ ዝም በሉ፣ ሐዘንተኛ ፊት!» አለ የባሏ አጎት።

አማቷ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «ወንድምሽ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል አሉኝ» አሏት። «እዚህ ግቢ እግሩ እንዳይረግጥ። በልጄ አጥንት ይዤሻለሁ።»

«እሺ፣ እማማ።» ሌላ ምን ትበል?

መንደሩ ባሏን «አባ መብራት» ይለው ነበር። ከፏፏቴው ሥር ያለችውን ትንሽ የኃይል ማመንጫ የሚያስነሣትም የሚያሳርፋትም እሱ ነው። መብራቱ ሲደክም፣ «አባ መብራት፣ ዛሬ ደግሞ ከሚስትህ ተጣላህ?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም «ኧረ እሷ ስታኮርፍ እንኳ ከዚህ ትደምቃለች» ይላቸዋል። ሳቂታ ነበር፤ ችኩልም ነበር። ወጥ እስኪበርድ አይጠብቅም፤ ምላሱን እያቃጠለው ይስቃል።

ወንድሟ የነሱን ማመንጫ ከሸለቆው ማዶ ካለው ከታችኛው መንደር ማመንጫ ጋር በአንድ መስመር የሚያገናኝ ንድፍ ይዞ ሲመጣ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባው ባሏ ነበር። ሁለቱ እዚሁ ወለል ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ በደረታቸው ተኝተው ሲከራከሩ ያመሻሉ። የላይኛው ወንዝ በበጋ ይመነምናል። የታችኛው ከምንጭ ስለሚመጣ ውሃው አይጎድልም፤ ማሽኑ ግን ትንሽ ስለሆነ ማታ ሁሉም ሲያበራ ያቃስታል። «ለየብቻቸው ሁለቱም ያነክሳሉ፤ ተደጋግፈው ግን ይሄዳሉ» ይል ነበር ባሏ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

ምሰሶው ተተከለ፣ ሽቦው ተወጠረ። የቀረው መሀል ላይ የሚገባው ማቋረጫ ብቻ ነበር፤ አንዱን ወገን ከሌላው የሚለየው ማብሪያ ማጥፊያ። ወንድሟ እሱን ሊያመጣ ወደ ከተማ ሲነሣ፣ ባሏን ትከሻውን ይዞ፣ «ስማኝ፣ ማቋረጫው ሳይገባ እንዳታገናኘው። ያንተን ብታጠፋ እንኳ ኤሌክትሪኩ ከታች ይመጣብሃል» አለው። እሷ በሩን ተደግፋ ቆማ ሰምታለች።

ማቋረጫው ዘገየ። አንድ ቀን የታችኛው መንደር ነርስ ዳገቱን ወጥታ መጣችና፣ ማታ ማታ መብራቱ እየከዳት በባትሪ እያዋለደች መሆኗን ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ባሏ እንቅልፍ አጣ። «ዕቃ እስኪመጣ ሰው ይሙት?» አለ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን በእጁ ሲያያይዝ፣ እሷ ከሥር ሆና መሰላሉን ያዘችለት። አምፖሉ ቦግ ሲል እንደ ሕፃን አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

ደጁ ላይ ግርግር ተነሣ። የታችኛው ጣቢያ ኦፕሬተር ነው፤ ጠና ያለ፣ ሪዙ የሸበተ ሰው። ሰዉን እየገፋ ገብቶ አማቷ እግር ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ተነሥ እንጂ። ምን ሆነሃል?»

«ቦዩን ልንጠርግ ማሽኑን አጥፍተነው ነበር። አባ መብራትም ያውቃል፤ እስከ ከሰዓት አይነሣም ብዬ ነግሬዋለሁ። መስመሩ ላይ የወደቀውን ቅርንጫፍ ሊያነሣ፣ የራሱን አጥፍቶ ወጣ። እኔ መውጣቱን በምን ልወቅ! አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት መጣች። ነርሷ እየሮጠች፣ ‹ቶሎ አስነሣው!› አለችኝ። አስነሣሁት…»

«ሴትዮዋስ?» አሉ አማቷ።

«ተገላገለች። ወንድ ልጅ።»

አሮጊቷ እሰይ ሊሉ የከፈቱት አፍ እሰይ ማለት አቃተው። «አንተ ምን ታደርግ» አሉ። «ልጄን የፈጀው ያን መስመር ሳይጨርስ ያገናኘው ነው። ያ ኢንጂነር! ዘሩ አይባረክ!»

«እኛም ወስነናል» አለ አጎትየው። «መስመሩ ይበጠሳል፤ ሰውየውም ይከሰሳል። ለምን አገናኘኸው ብለን ብንጠይቀው ቃል አልተነፈሰም። ያላጠፋ ሰው እንዲህ ይለጎማል?»

ወንድሟ ለምን እንደተለጎመ ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። የሟቹን ስም ላለማጉደፍ ብሎ ነው። እሷም ለሟቹ ስትል ዝም ልትል ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ወንድሜ አይደለም ያገናኘው።»

ሁሉም ዞረው አይዋት።

«ባሌ ነው። እንዳታገናኘው ተብሎ ነበር። ማቋረጫው እስኪመጣ መጠበቅ አቃተው። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

አማቷ እንደማያውቋት ሰው ትክ ብለው አይዋት።

«አንዴ ሞተብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ ለቅሶው እንኳ ሳይወጣ አንቺ ገደልሽው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አይዞሽ ያላት የለም። ወንድሟ ላይ በተናገረው ተሳስቻለሁ ያለም የለም። «ለማንኛውም መስመሩ ይበጠሳል» አለ አጎትየው፣ ለማንም ሳይሆን።

ተነሥታ ወጣች። ስታልፍ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

ወንድሟ ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። በመስመሩ ሥር፣ ሰው በማይሄድበት ጥሻ፣ ከታችኛው መንደር ድረስ በእግሩ መጥቷል። ድምጿ እሱ ጋ ደርሷል።

«ለምን ነገርሻቸው?» አላት። «ይወዱት ነበር እኮ።»

«እኔስ?»

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭጎጎት ለብሷል። ፊቱ ቁጢጥ አለችና አንዱን ጭጎጎት በጥፍሯ ነቅላ መሬት ላይ ጣለች። ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። እሷ ቀና አላለችም። ሌላውን ነቀለች፤ ደግሞ ሌላውን።