ለእሷ አሠራሩን፣ ለእኔ መልሱን

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ባሌ መልከጼዴቅ ጁባ መጥተን ሃይ ማላካል ሰፈር ምግብ ቤት ከመክፈታችን በፊት፣ ፍኖተ ሰላም ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አሁን ያለችው ተማሪ አንዲት ብቻ ናት፤ ቪክቶሪያ። ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ፣ በራችንን ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ደንበኛችን። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሥራ ፈተና ጠርቷታል፤ የፈተናው እኩሌታ ዎርድ ፕሮብሌምና የሎጂክ ጥያቄ ነው አሉ። ማንም ሳይለምነው «እኔ አስጠናሻለሁ» ያላት እሱ ራሱ ነው።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ከሸሪካት ሰፈር በቦዳቦዳ ሞተር ትመጣለች። የመስኮቱ ጠረጴዛ የእነሱ ሆኗል። እኔ ከጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ አያቸዋለሁ። ያንገበገበኝ ቁንጅናዋ አይደለም። ቆንጆ ሴት በየቀኑ ትገባለች፣ ትበላለች፣ ትሄዳለች። ያንገበገበኝ የእሱ ድምፅ ነው። «ቀስ በይ። አትቸኩዪ። መጀመሪያ የተሰጠን ምንድን ነው? እሺ፣ ጻፊው። የሚፈለገውስ? እሱንም ጻፊ። አሁን ወደ መፍትሔው፤ አንድ እርምጃ ብቻ።» አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

እኔን እንዴት እንደሚያስተናግደኝ ልንገራችሁ። «ለሠላሳ አምስት ሰው ስንት ኪሎ ሥጋ ይበቃል?» ስለው፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ሰባት» ይለኛል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «እንዴት አወቅህ?» ስለው ደግሞ «ምን ያደርግልሻል? ነገርኩሽ አይደል?» ከአሥረኛ ክፍል ማቋረጤን ያውቃል። ለምን እንዳቋረጥኩ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሒሳብ ጠልታ ነው ብሎ ደምድሟል።

ሰኞ ዕለት ስለ ውሃ ሮቶ ጠየቃት። አንደኛው ፓምፕ ብቻውን ሮቶውን በሦስት ሰዓት ይሞላዋል፣ ሁለተኛው ብቻውን በስድስት ሰዓት። አብረው ቢሠሩ በስንት ሰዓት ይሞሉታል? ቪክቶሪያ ሦስትና ስድስትን ደመረች፣ ለሁለት አካፈለች።

«አራት ሰዓት ተኩል።»

ከጓዳ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለተኛ ፓምፕ ተጨምሮ እንዴት ይዘገያል? ጣራችን ላይ ያለውን ሮቶ ስንቴ ቆሜ አስሞልቻለሁ! መልከጼዴቅ ግን አልሳቀም። «ጥሩ ሙከራ ነው» አላት። ጥሩ ሙከራ! እኔ አንድ ቀን ወጡ ጨው ቢበዛበት፣ ሰሃኑን ገፍቶ ነው የተነሳው። «ነገ አስበሽበት ነይ» ብሎ ሸኛት፤ እሷም ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ገበያ ሲወጣ ደብተሩን ገለጥኩት። ልርዳት ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ እልህ ነው። ይህን ያህል የሚያባብላት ጥያቄ ምን ቢሆን ነው ብዬ ነው። ድምፁን በጆሮዬ ይዤ ጀመርኩ። የተሰጠ። የሚፈለግ። ከዚያ ሮቶ ሣልኩና በመስመር ስድስት ቦታ ከፈልኩት። የመጀመሪያው ፓምፕ ስድስቱን ክፍል በሦስት ሰዓት ከሞላ፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ይሞላል። ሁለተኛው በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል። አብረው ሦስት። ስድስቱን ለመሙላት እንግዲህ ሁለት ሰዓት። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። ድስቱ ሊያርብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቪክቶሪያ መጥታ ገና ከመቀመጧ መልከጼዴቅ ደብተሩን ገለጠ። ፊቱ በራ።

«ቪክቶሪያ! ይሄ እኮ እኔ ካሰብኩት አሠራር ይሻላል! ክፍልፋይ እንኳ አላስፈለገሽም! ተማሪ ማለት እንዲህ ነው!»

በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት አደረገበት። የእኔን ሥራ ለእሷ ሲያሞግስ ቆሜ ሰማሁ። ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ፣ ደስ ማለቱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ቪክቶሪያ ደብተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማሌሽ ቲቸር፣ ይቅርታ፣ የእኔ ጽሑፍ አይደለም። የሠሩት እትዬ መንበረ ይመስሉኛል።»

መልከጼዴቅ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፣ አላላገጠም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«ማን ሠራልሽ?»

ሁለት ቃል ናት። ከልጅቷ ጋር ሲላፋ ባገኘው ይሻለኝ ነበር። ሽርጤን ፈትቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ከቪክቶሪያ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ሌላ ስጠኝ» አልኩት።

«መንበረ፣ እንግዳ ቢመጣ...»

«ሌላ ስጠኝ አልኩህ።»

ጻፈ። ሦስት ካርቶን አለ። በአንዱ ዘይት ብቻ፣ በአንዱ ሳልሳ ብቻ፣ በአንዱ ሁለቱም ተደባልቀው። ላያቸው ላይ «ዘይት»፣ «ሳልሳ»፣ «ድብልቅ» የሚል ተለጥፏል፤ ሦስቱም የተለጠፉት በስህተት ነው። ውስጡን ሳታዪ ከአንድ ካርቶን አንድ ዕቃ ብቻ አውጥተሽ ሦስቱንም ለዪ።

የተሰጠ፣ ጻፍኩ። የሚፈለግ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ቀጥ አልኩ። «ዘይት» ከሚለው ብጀምርና ሳልሳ ቢወጣ፣ ሳልሳ ብቻ ይሁን ድብልቅ በምን አውቃለሁ? ሰረዝኩት። መልከጼዴቅ እንደ ልማዱ እጁን ወደ እስክሪብቶዬ ሰደደ።

«ስጪኝ እስቲ፣ ቀላል ነው፤ መልሱ...»

ቪክቶሪያ እጁን ቀብ አድርጋ ያዘችው።

«ከላስ ቲቸር፣ በቃ! ይተዉዋቸው፣ ራሳቸው ይሥሩት!»

«ድብልቅ» ከሚለው ባወጣስ? ጽሑፉ ስህተት ስለሆነ ድብልቅ ሊሆን አይችልም፤ የወጣው ዕቃ ራሱ ብቻ ነው ያለበት። ሳልሳ ወጣ እንበል፤ እንግዲያው ያ የሳልሳው ነው። ጻፍኩ። «ዘይት» የሚለው ዘይት አይደለም፣ ሳልሳውም ተይዟል፤ ስለዚህ ድብልቁ እሱ ነው። ይህንንም ጻፍኩ። እጇ አሁንም እጁ ላይ ነው፤ ቀና ሳልል ይታየኛል። ትያዘው። እኔ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነኝ።