ዳገቱን የሚያወጣ ዘይት

ሞተር ሳይክሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊወሰድ ነበር። የሚገዛው ሰው መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ፈታትቶ ብልት በብልት እንደሚሸጠው አልደበቀም። ሰውዬውን ያገኙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ወንድማቸው ካረፈ ወዲህም እኔን መጠበቅ የእሳቸው ዕዳ እንደሆነ ያምናሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው «አስተማሪዋ» ይሉኛል፤ በስሜ የሚጠሩኝ ሲቆጡ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ረጅም ዳገት ጫፍ ላይ ነው። እኩሌታው ላይ ስደርስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል፤ ጎማው ግን እንደታከተው ሰው ይጎተታል። በመጨረሻ ወርጄ ገፋሁት። ተማሪዎቼ አጥሩ ላይ ተደርድረው ሲያዩኝ ቆዩ፤ አንዱም አልሳቀም፤ ከመሳቁ የባሰውም እሱ ነበር።

የሰፈራችንን መካኒክ ሁሉም ሰው «ጆሮ» ነው የሚለው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው በሽታ የሚያገኘው። አዳመጠ፤ ነድቶም ሞከረ፤ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮኑ ዲስኮች አልቀዋል አለ። ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ከተከፈተ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይወጣል። ጋሼ ይህን እንደሰሙ ይሸጥ ብለው ቆረጡ። መሀል መንገድ ላይ ጥሎኝ መኪና እስኪገጨኝ እንደማይጠብቁ ነገሩኝ። አልተከራከርኩም። እስከ ቅዳሜ ብቻ እንዲታገሡኝ ጠየቅኳቸው።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዲስክ የሚያልቀው ቀስ በቀስ ነው፣ የእኔ ግን በአንድ ሳምንት አለቀ ተባለ። በዚያ ሳምንት ምን ተለወጠ? ያለፈው እሑድ ጋሼ ራሳቸው መጥተው ዘይት ቀይረውልኛል። የሞሉበት ለገዛ አውቶሞቢላቸው የሚያስቀምጡትን ነው፤ ቀጭን፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ለማንም የማይሰጡት። የወንድማቸው ሞተር ተራ ዘይት አይጠጣም ብለው ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። የባለቤቴን መደርደሪያ ከነካሁት ዓመት አልፎታል። እዚያ ካየሁት ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ጠርሙስ ዘይት ነው፤ ሲሶው ቀርቷል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋሼ እሑድ ትተውት ከሄዱት የዘይት ጣሳ ጎን አቆምኩትና የሁለቱንም የጀርባ ጽሑፍ እንደ ፈተና ወረቀት አነበብኩ። በጠርሙሱ ላይ ኤም ኤ የሚል ምልክት አለ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ሳይክል ማለት ነው። በጣሳው ላይ የለም።

ነገሩ ገባኝ። በጋሼ መኪና ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ውጭ በደረቁ ነው የሚቀመጠው። በእኔ ሞተር ሳይክል ግን ዲስኮቹ የሚዋኙት በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ዲስክ ሥራው መያያዝ ነው። ጋሼ ያጠጡት ዘይት ደግሞ የነካውን ሁሉ እንዲያንሸራትት የተሠራ ነው።

ዓርብ ምልክቱ ያለበትን ዘይት ገዛሁ፤ ለሁለት ጊዜ ሙሌት የሚበቃ። ጆሮ ግቢ ውስጥ የድሮውን አፍስሼ አዲሱን ሞላሁና ዳገቱን ሞከርኩት። ከማክሰኞው ሃያ ሜትር ያህል አልፎ እንደገና መጮህ ጀመረ። ገፍቼ ስመለስ ጆሮ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እትዬ፣ የሞተ ነገር እኮ...» ብሎ ጀመረና ምን እያለ እንደሆነ ሲገባው ዋጠው። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ያን ዕለት ስህተቱ የእኔ ነበር። ለልጆቹ በየዓመቱ የምለው አንድ ነገር አለ፤ የላብራቶሪ ዕቃ አንዴ ታጥቦ አይጠራም። ዲስኮቹ የጠጡት ዘይት በአንድ ማፍሰስ አይወጣም። ይባስ ብሎ የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አልነካሁትም፤ አሮጌው ዘይት እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሜዳ ሜዳውን ሁለት ሰዓት ነዳሁት። ሞተሩ እንደጋለ ጆሮ ግቢ ውስጥ ዘይቱን አፈሰስኩ፤ የፊልትሮውን ክዳን ሦስት ቡሎን ፈትቼ ከፈትኩ። ፊልትሮው ጠቁሮ አብጧል። በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሳያይ አንዱን አነሳና ሁሉም ያው ነው አለኝ። ከአሮጌው ጎን አቆምኩት፤ አጠረ። ከቦርሳዬ ማስመሪያ አወጣሁ።

«ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል፣ እህቴ?»

«ቆሻሻው ሳይጣራ የሚያልፈው በሁለት ሚሊ ሜትሯ ነው።»

ሰውዬው ማስመሪያውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ መሰላሉን ስቦ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደልኝ። ልክ ነበር። ተመልሼ ገጠምኩትና ሁለተኛውን ሙሌት ሞላሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነጋዴው ገመድ ይዞ መጣ። ጋሼም አብረውት። እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነበር። ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ዳገቱን አንዴ እንደምወጣው ነገርኳቸው፤ ካቃተው ይውሰዱት። ጋሼ ብቻሽን አትወጪም ብለው ተቆጡ፤ ስሜንም ጠሩ።

«ብቻዬን አይደለም» አልኩ። «ከኋላ ይቀመጡ።»

ነጋዴው ሳቀ። ጆሮም ወገባቸውን በዓይኑ ለካና «እትዬ፣ ጋሼን የሚሸከመው መኪና እኮ ጎማው አሥር ነው» አለ። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉና ተቀመጡ፤ ሞተር ሳይክሉ አንድ ስንዝር ዝቅ አለ።

በሁለተኛ ማርሽ ገባሁበት። ማክሰኞ የቆምኩበት ቦታ ስንደርስ ትከሻዬን የያዘው እጃቸው ሲጠብቅ ተሰማኝ። ነዳጅ ጨመርኩ። ጩኸቱም ጉልበቱም አንድ ላይ መጣ። ጎማው መሬቱን ነክሶ ያዘ፤ የዓርቡን ቦታ አለፍን፤ የትምህርት ቤቱ አጥር በግራችን እየሮጠ ቀረ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር። ሄልሜት ፊት ይሸፍናል፤ ጥሩ ነገር ነው። ሦስተኛ አስገባሁና ጫፉ ላይ ወጣን።

ጋሼ ወርደው ሞተሩን ዞሩት። ትንፋሻቸው እሳቸው ገፍተው ያወጡት ይመስል ነበር።

«ምኑ ነበር?»

«ዘይቱ።»

ማን እንደሞላው ማስታወስ አላቃታቸውም።

«እኔ ነኛ የገደልኩት።»

«የእርስዎ ዘይት ከመጠን በላይ ጥሩ ነበር» አልኩ። «መኪና ላይ ያድርጉት።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው፤ ከዚያ ሁለመናቸው። ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ወደ ታች፣ እንደ ጉንዳን አንሰው ወደሚታዩት ጆሮና ነጋዴው ተመለከቱ። በሁለት ጣታቸው አፏጩና ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኹ፤ ገመድህን ጠቅልለህ ሂድ አሉት። ነጋዴው ቃሉን ይስማ አይስማ እንጃ፤ እጃቸው የሚያሳየውን አቅጣጫ ግን አይስተውም።

ቁልቁለቱን እሳቸው ሊነዱት ጠየቁኝ።

«ከኋላ ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኳቸው።