ወደ ካሊፎርኒያ የተጫነችው ትራም

አቶ ግዛቸው በጠፉበት ጠዋት ልጃቸው ረድኤት ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። ፎጣ ጠምጥማ ስትወጣ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ጫማቸው የለም። ስልካቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሰርፀ! አባባ የሉም!»

ባሏ ከመኝታ ቤት በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ። ሰርፀ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል ዲለር ነበር፤ በመጋቢት ሁሉም ነገር ሲዘጋ ከሥራ ወጥቶ ገና አልጠሩትም። ሁለቱም በረንዳው ላይ ቆመው ግራና ቀኝ አዩ። በፈረንጆቹ የ2020 ሐምሌ ነው፤ ገና በረፋዱ አስፋልቱ እግር ይጠብሳል። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

አቶ ግዛቸው ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ እናትነሽ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ረድኤት አሜሪካ በረሃ ውስጥ ወዳለችው ዊትኒ አመጣቻቸው። ጥቂት ቆይተው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በኋላም የቤታቸውን መንገድ። ዊትኒ ውስጥ ደግሞ ቤቱም አጥሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ጤነኛውም ሰው ይጠፋበታል።

ያን ጊዜ ረድኤት የድሮ ትራሞች ላይ ትሠራ ነበር። አንድ ሀብታም ከየአገሩ እየገዛ ያሳደሳቸው አራት ትራሞች፣ ከቤታቸው በእግር በሚደረስበት ሜዳ ላይ በተዘረጋ አጭር ሐዲድ ቱሪስት ይዘው ይመላለሱ ነበር። እሷ ትኬት ትቆርጣለች፣ ታስጎበኛለች። ቤት ትታቸው መሄድ ሲያስፈራት አባቷን ይዛቸው መሄድ ጀመረች። ከፖርቱጋል የመጣችው ቢጫ ትራም የኋላ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ትራሟ ላይ ሲሆኑ አይጨነቁም፣ ማንን አገባሽ ብለው አይጠይቋትም።

«ይቺ እኮ መንገድ አትስትም» ይሏት ነበር።

ወረርሽኙ ሲመጣ ትራሞቹ ቆሙ። ባለቤቱም አንድ በአንድ መሸጥ ጀመረ። ረድኤት ይህን ለአባቷ አልነገረቻቸውም፤ ብትነግራቸውም ነገ ይረሱታል። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው «አንሄድም እንዴ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ስለዚህ የት እንደሄዱ ለመገመት አልተቸገረችም። መኪናዋን አስነስተው ወደ ትራሞቹ ግቢ በረሩ። በሩ ላይ ጥበቃው ዘውገ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ውሃ ይጠጣል።

«ዘውገ፣ አባቴን አይተሃቸዋል?»

«ኧረ አላየሁም፣ ረዲ። ምነው?»

መልስ ሳትሰጠው ገባች። እየተጣራች በቆሙት ትራሞች ውስጥ አንድ በአንድ ሮጠች። ባዶ ናቸው። የቢጫዋ ቦታ ላይ ሐዲዱ ብቻ ቀርቷል።

«ቢጫዋስ?»

«ካሊፎርኒያ ተሸጣለች። ጠዋት ጭነዋት ሄዱ። በላስቲክ ሸፍነው፣ በገመድ ጠፍረው… ከወጡ ትንሽ ቆዩ እኮ።» ዘውገ ንግግሩን አቋርጦ ፊቷን አየ። «ረዲ፣ በሩ ለመኪናው ክፍት ነበር። እኔ ከሾፌሩ ጋር ወረቀት ስፈርም…»

ሦስቱም ወደ ጥበቃው ክፍል ገብተው ካሜራውን ወደ ኋላ መለሱት። ሠራተኞቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ሲያርፉ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሲመጡ ታየ። ገና ያልታሰረውን ላስቲክ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርገው፣ ብረቱን ይዘው የተጫነችው ትራም ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሠራተኞቹ ተነሥተው ላስቲኩን አጠበቁት። ማንም አልወረደም።

ረድኤት እየሮጠች ነበር።

ሰርፀ ይነዳል፣ እሷ ትደውላለች። ዘውገ የሰጣት የሾፌሩ ስልክ አይነሳም። የፖሊስ ስልክ ላይ ያለችው ሴት «አባትሽ የት ነው ያሉት?» አለቻት።

«ትራም ውስጥ። ትራሙ የጭነት መኪና ላይ ነው። መኪናው ወደ ካሊፎርኒያ እየሄደ ነው።»

«እንደገና ንገሪኝ፣ እመቤቴ።»

እንደገና ነገረቻት። በሦስተኛው እንግሊዝኛዋ ጠፋትና በአማርኛ «ላስቲክ ውስጥ እየተቃጠሉብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰርፀ ስልኩን ቀምቶ ጨረሰላት። ፓትሮል እንልካለን አሉ።

ከከተማው ወጥተው በረሃው ተከፈተ። የመኪናዋ ኤሲ እስከ ጥግ ተከፍቶ እንኳ መስኮቱ ይፋጃል። ረድኤት እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ አላነሳም አለች። «ሙቀት አይችሉም፤ ኮት ለብሰዋል» ትላለች፣ ትደግመዋለች። ሰርፀ «እንደርስባቸዋለን» ይላል። ነዳጁን ይረግጣል።

የካሊፎርኒያ ድንበር ሊቃረብ ሲል አዩት። ረጅም የጭነት መኪና፣ ነጭ ላስቲክ የተጠመጠመበት፣ ቀኝ መስመሩን ይዞ ያዘግማል። ሰርፀ ጥሩምባውን ነፋ፣ መብራት አበራ፣ አጠፋ። ሾፌሩ እለፉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ረድኤት ግማሽ ሰውነቷን በመስኮት አውጥታ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። በመጨረሻ ሰርፀ ቀድሞ ገባና ከፊቱ ቀስ በቀስ ፍጥነት ቀነሰ። የጭነት መኪናው ሲጥ ሲጥ እያለ ጥጉን ይዞ ቆመ።

ሾፌሩ እየተሳደበ ወረደ። «ሰው አለ! ውስጥ ሰው አለ!» ስትለው ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ። ቢላዋ አምጥቶ ገመዱን ይቆርጥ ጀመር። እሷ አልጠበቀችም። በጎማው ላይ ወጥታ ላስቲኩን በጥፍሯ፣ በጥርሷ ቀደደችው። ከውስጥ የወጣው ሙቀት እንደ ምድጃ ፊቷን መታት።

አቶ ግዛቸው ሁለት ወንበሮች መካከል ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ኮታቸውን አውልቀው በደንብ አጥፈው ራሳቸው ስር አድርገዋል። ቆዳቸው ደርቋል፤ ላብ የሚባል የለም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«አባባ! አባባ፣ እኔ ነኝ!»

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «እናትነሽ» አሏት። «ብዙ ጠራሁሽ እኮ።»

ሾፌሩ የያዘውን ውሃ ሁሉ አመጣ። ደረታቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ አፈሰሱ። ሰርፀ በሸሚዙ ያራግባል። ሾፌሩ ግዙፍ ሰው ነው፤ ትራሙ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ «አልሰማሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። ፓትሮሉም አምቡላንሱም ተከታትለው ደረሱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አስቆሟት። በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ አይገባም።

«ቋንቋ አይችሉም! ማን እንደሆኑም አያውቁም!»

ነርሷ እጇን ልትይዛት ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «እንደውልልሻለን» አለቻት። በሩ ተዘጋ።

ያን ሰሞን ረድኤት ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ውስጥ ኖረች ማለት ይቻላል። ነርሶቹ እየደወሉ ስልኩን አባቷ ጆሮ ላይ ያደርጉላቸዋል። «አባባ፣ መርፌውን አይንቀሉት።» «አባባ፣ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ውሃውን ይጠጡላት።» አንዳንዴ ይመልሳሉ። አንዳንዴ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ኩላሊታቸው ተጎድቷል ተባለች። ልባቸውም።

አልሞቱም። በዊልቸር አወጡላት፤ ከስተው ግማሽ ሆነዋል። እንደገና መራመድ ሲጀምሩ ግድግዳ እየያዙ ነበር፤ መጀመሪያ የሄዱትም ወደ በሩ ነው። ሰርፀ ከውጭ የሚቆለፍ ቁልፍ ገጠመ።

መኸሩ ሲገባ ሰርፀን ካዚኖው ጠራው። ረድኤትም ዕቃ የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘች። ሺፍቷ እሱ ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጀምራል። «አጭር ሰዓት ናት፤ ይተኛሉ» ተባባሉ።

የመጀመሪያው ቀን ምሳቸውን አብልታ፣ ጋደም አድርጋቸው ወጣች። ቁልፉን አዞረች። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ እጀታው ሲንቀሳቀስ ሰማች። ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በኃይል።

«እባካችሁ» አሉ አቶ ግዛቸው ከውስጥ፣ ለማያውቁት ሰው በሚናገሩበት ትሕትና። «ማነው እዛ ያለው? ሙቀቱን አልቻልኩም፤ ክፈቱልኝ።»

ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ረድኤት የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ቆመች። ይተዉታል ብላ ጠበቀች። አልተዉም። በሩን በመዳፋቸው ይመቱ ጀመር።

ተመልሳ ከፈተችላቸው። ደጋግፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ በጨርቅ ፊታቸውን አራሰች። ከዚያ ለሱፐርቫይዘሯ ደውላ ዛሬም ነገም እንደማትመጣ ነገረቻት።

«ማን ነው የከፈተልኝ?» አሉ አባቷ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት። «ሰው አይሰማም እኮ።»

ረድኤት ያን ጊዜ፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸውም ለምን እንደምታለቅስ ሳያውቁ ራሷን ይደባብሷት ነበር።