ሲራጅ በእንቅልፉ የሚለው

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቁ ቀጥሎ፣ ሲራጅ ሙህዲን የሚባል ፊልም ተርጓሚ አለ። የሲራጅ ሱቅ ጠባብ ናት። ከፊት ለፊቷ ፊልምና ነሺዳ በፍላሽ ይጫንባታል፤ ከኋላዋ ደግሞ ግድግዳዋ በሙሉ አሮጌ ስፖንጅ የለበሰ፣ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል አለች። ሲራጅ እዚያ ገብቶ ማይኩን ይጨብጥና የህንዱንም የቱርኩንም ሰው ሁሉ ብቻውን ሆኖ ያናግራል፤ ሽማግሌውም እሱ፣ ሙሽራዋም እሱ፣ ወንበዴውም እሱ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። አገሩ ሁለት ምላስ ያለው አገር ነውና በአንዱ ብቻ ቢተረጉም ግማሹ ደንበኛ ያኮርፈዋል። «በሁለቱም ቋንቋ የሚያመልጠኝ ቃል የለም» እያለ ይጎርራል፤ ሰውም እውነቱን ነው ብሎ ይተውለታል። ያመለጠው ቃል ቢኖር ከራሱ አፍ የወጣ አንድ ቃል ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ነገሩን የቀሰቀሰው ከኢድ በኋላ የመጣ አንድ አስፈሪ ፊልም ነው። የፊልሙ ሰውዬ ልጅ ሳለ ሌሊት ሌሊት እየባነነ ይጮህ ነበር፤ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ ተወኝ ብሎ ሲያበቃ ያ ነገር ተመልሶ ይመጣበታል። ሲራጅ ፊልም የሚፈራ ሰው አይደለም። የፊልም ደም ከቲማቲም ድልህ እንደማይለይ ስንቱን አስረድቷል! ሆኖም ትንሹ ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እናቱን እያየ የማያያት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተዘጋበት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። «ጉንፋን ነው» አለና ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ሚስቱን ረቢአን ያስበረገጋት ጩኸት ግን የጉንፋን አልነበረም። የድሮ ጩኸት ነበር።

ሲራጅ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጨፋ ሮቢት አባቱ ቤት፣ ሰው የመጀመሪያ እንቅልፉን ሳይጠግብ ብድግ ብሎ ይቀመጥና «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ ይጮህ ነበር። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ሰው ግን አይለይም። ሲነጋ የሚያስታውሰው ራስ የሌለው፣ ጥቁር፣ እጆቹን አንጠልጥሎ የቆመ ነገር ብቻ ነው። የአባቱ ቤተሰብ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ «ኮቱ» ደግሞ በኦሮምኛ «ና» ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ልጅ በጨለማ ማንን ነው ና የሚለው? ጎረቤቱ ሁሉ «አዑዙ ቢላህ» አለ። ቃልቻ ተጠየቀ። ቃልቻውም «የሚጠራው ጂኒ ነው፤ የመጣውም በእናቱ በኩል ነው» ብሎ ፈረደ።

እናቱ ዑሙልኸይር ከአርጎባ ወገን ናት። በዚያ ቤት ባይተዋር ነበረች፤ ኦሮምኛዋ ስብርብር ያለ ስለነበር ልጇን የምታጫውተው በአማርኛ ነው። ከፍርዱ በኋላ ባሏ ፈታት። አንዲት ጥቅል ልብስ ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ባቲ ሄደች። ልጁም ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ጩኸቱን ተወ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል! «ጂኒው ከባለቤቱ ጋር ሄደ» ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

ሲራጅን ያሳደጉት የአባቱ እህት አዳዳ መሪማ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ስለ እናቱ በጠየቀ ቁጥር ግን «ትታህ ሄደች» ይሉት ነበር፣ ሌላ አይጨምሩም። ዑሙልኸይር ሁለት ጊዜ ልታየው መጥታለች፤ አንዴ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ፣ አንዴ በሠርጉ ማግስት። ሁለቱንም ጊዜ አልወጣላትም። በሁለተኛው «እናቴ አዳዳ ናቸው» ብሎ በሰው ላከባት። እሷም የያዘችውን ሰሌን ምንጣፍ ደጁ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

አሁን ጩኸቱ በየሌሊቱ ሆነ። ረቢአ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ አትችልም፣ ጨዋታ ግን አዋቂ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት «ሌሊትም ትተረጉማለህ እንዴ? ተው፣ በነፃ አትሥራ» እያለች ትስቅበት ነበር። ሳቋ የቆመው ልጃቸው ጀነት የተጎዳች ለት ነው። የአራት ዓመቷ ልጅ በጩኸቱ ደንግጣ «አባ» እያለች ወደ እሱ ስትሄድ፣ ሲራጅ ዓይኑ እንደፈጠጠ በሁለት እጁ ገፈተራት። ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ሲነጋ ክንዷ አብጦ አየ። ማን እንዳደረገው መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ሲቀርባት ልጅቷ እናቷ ጉያ ገባች። ሲራጅ በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው» አለችው ረቢአ የልጅቷን ክንድ እያሸች። «ሥሩን ፈልግ ሲራጅዬ። ካልሆነ ጀነትን ይዤ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። አልጠላሁህም፣ ፍታኝም አላልኩ። ግን ልጄ አባቷን እየፈራች አታድግም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ያው የድሮው ጂኒ ነው የተመለሰብኝ።»

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሌሊቱን ሙሉ ኮቱ፣ ኮቱ ስትል ነው። የምን ኮት ነው?»

ሲራጅ በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቅ አመለጠው። «የምትለብሽው ኮት መሰለሽ እንዴ? ኦሮምኛ ነው እኮ። ና ማለቴ ነው።»

«ና?» አለች ረቢአ። ሁለት መዳፏን ወደፊት አድርጋ አየሩን ገፋችው። «ና የሚል ሰው እንዲህ ያደርጋል? የሚጠራ ሰው እጁን ወደ ራሱ ነው የሚስበው። አንተ ትገፋለህ። ውሰዱልኝ፣ አንሱልኝ የሚል ሰው ነው የሚመስለኝ።»

ሲራጅ ቃሉን በልቡ አጥብቆም አላልቶም ሞከረው። ኦሮምኛው ይጠብቃል፣ አማርኛው ይላላል፤ በስድስት ዓመት ልጅ ጩኸት ውስጥ ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው ማን ይለያል? ያ ልጅ ሲፈራ የሚጮኸው በማን ቋንቋ ነበር? በእናቱ ነበራ! ያን ጊዜ ራስ የሌለው ጥቁር ነገር ትከሻ አወጣ፣ እጅጌ አወጣ፣ ቁልፍ አወጣ። የአባቱ ኮት ነበር። ሁለት ቋንቋ ለሰው ሁሉ የሚያከፋፍል ሰው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሳይሰማ ኖሯል።

በዚያኑ ቀን ሚኒባስ ይዞ ጨፋ ሮቢት ወረደ። አዳዳ መሪማ ግቢያቸው ውስጥ ማሽላ በሰፌድ ሲያበጥሩ አገኛቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዳዳ። አባቴ ኮት ነበረው?»

«ሰላምታው ሳያልቅ የምን ኮት ነው?» አሉ። ፊቱን ሲያዩ ግን ሰፌዱን አስቀመጡ። «ነበረው እንጂ፣ ጥቁር። ከብት ሊሸጥ ደሴ ሲወጣ ይለብሰዋል። ሲመለስ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። በዚህ ሙቀት ኮት ምን ይሠራል ብንለውም ማንንም አያስነካም። እናትህን የፈታ ሳምንት ለብሶት ወጣ፤ ከነኮቱ ደሴ በዚያው ቀረ።»

«ጩኸቴም በዚያው ሳምንት ቆመ።»

አዳዳ መሪማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እሷም ብላው ነበር» አሉ።

«ማን?»

«እናትህ። "ልጄ የፈራው ኮቱን ነው" አለች። አንድ ማታ አውርዳ ከጎተራው ሥር ደበቀችው። ወንድሜ ሲነጋ ኮቱን አጣ፣ ቤቱ በጠብ ተተራመሰ። እኛ ደግሞ የራሷን ጂኒ በባሏ ልብስ ታሳብባለች አልናት። ማሎ፣ ኢልመ ኮ፣ አፉ በለኝ ልጄ፣ እኔም ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ።» አለቀሱ። ሲራጅ ሊቆጣቸው ፈልጎ አልቻለም፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እዚህ ግን አፉ አልተሳሳተም፤ የሳተው ጆሮ ነው፣ ለጆሮ ወለምታ ደግሞ ተረት አልወጣለትም። ሲራጅ ይህን ሁሉ አልተፈላሰፈም። እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቱ በእሱ ቃል ተባረረች፣ ሁለት ጊዜ ደጁ መጣች፣ ሁለቴም መለሳት።

በማግስቱ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ባቲ ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ረቢአ ደወለች።

«ሥሩን ያገኘሁ ይመስለኛል» አላት።

«አልሃምዱሊላህ። እኛ የትም አልሄድን። ግን ሳትጮህ አድረህ ና» አለችው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሲራጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይለማመዳል፤ አፉ በይኝ እማ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አልተሰማሁም። ስንት የይቅርታ ንግግር ተርጉሟል! የራሱ ግን በየኩርባው ይጠፋበታል።

ዑሙልኸይር በወንድሟ ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ሰሌን ትሠራ ነበር። ቀጥናለች፤ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ደጁ ላይ ሲቆም ጣቶቿ ሰሌኑ መሃል ቆሙ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለች። ከዚያ «ሲራጅ» አለች።

«በምን አወቅሽኝ?»

«በድምፅህ። የወንድሜ ልጅ ፊልሞችህን በስልኩ ይከፍትልኛል። ማየቱን ዓይኔ አልያዘልኝም፤ አንተን ነው የምሰማው። አማርኛውን።»

ሲራጅ እግሯ ሥር ተቀምጦ የተለማመደውን ሁሉ አፈሰሰው፤ ኮቱን፣ ቃሉን፣ አዳዳ ያሉትን፣ በሠርጉ ማግስት የላከባትን። «አፉ በይኝ። ከቤትሽ ያስወጣሽ የኔ ቃል ነው» አላት።

ዑሙልኸይር እስኪጨርስ ጠበቀች። እጁን አልያዘችውም።

«እኔ ላንተ አፉ የምልህ ነገር የለኝም» አለች። «አሁን አንተ ስማኝ፤ እዋሽህ ዘንድ ዕድሜዬ አይፈቅድም። ኮቱ መሆኑን አውቅ ነበር። የደበቅኩት ለት ሳትጮህ አደርክ። ተመልሶ ሲሰቀል ጮህክ። ልይዝህ ስጠጋ እያየኸኝ ገፈተርከኝ። ዓይንህ የልጄ ዓይን አልነበረም። ማወቄ ምንም አልፈየደኝም። ፈራሁህ።»

የያዘችውን ሰሌን ወደ ጎን አደረገች።

«ስፈታ አባትህ "ልጅሽን ይዘሽ ውጪ" ብሎኝ ነበር። ወላሂ ብሎኛል። ተኝተህ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አየሁህና መንገድ ላይ፣ ከኔ በቀር ሰው በሌለበት ብትጮህስ አልኩ። ትንሽ ይርጋልኝና መጥቼ እወስደዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ሳልመጣ ቀረሁ። ትታህ ሄደች ያሉህ አልዋሹህም።»

ባቲ ድረስ የመጣው ይቅርታ ሊለምን ነበር፤ የሚጠበቅበት ግን ይቅር ማለት ሆነ። «አፉ ብዬሻለሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ በኦሮምኛም ከዚህ አይበልጥም። በየትኛውም አልወጣለትም። አዘነ። ለእሷ ይሁን፣ ለተኛው ልጅ ይሁን፣ እናቷ ጉያ ለገባችው ለጀነት ይሁን መለየት አቃተው፤ ሀዘኑ ግን ደረቱን ሞላው። እሷም አልለመነችውም። «ስንት ቀን ነው ያልተኛኸው?» ብላ ጠየቀችው።

«አሥራ ስድስት።»

አዲስ የጨረሰችውን ሰሌን ጥላው ጋ ዘረጋችለት። «ጋደም በል። ቀን ነው፤ እኔም አለሁ።»

ጋደም አለ። እንቅልፍ እንደዚያን ቀን አምሮት አያውቅም፤ ዓይኑ በራሱ ይከደናል። ግን ቢተኛና ቢጮህስ? ዓይኑን አፍጥጦ ይችን ቀጭን ሴትዮ ቢገፈትርስ? እንደገና ትፈራዋለች፤ አሁን ደግሞ የምትሮጥበት ጉልበት የላትም። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ነቅቶ ቆየ። በፊልም ስንት የተኛ ሰው ሆኖ ተንፍሷል፤ ትንፋሹን እንደዚያው ረዘም አደረገው።

ዑሙልኸይር መጀመሪያ ከበሩ አልራቀችም። ቆይታ ትንሽ ቀረበች። ቆይታ ደግሞ ጨመረች። በመጨረሻ መዳፏ ግንባሩ ላይ አረፈ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲራጅ ሳይንቀሳቀስ ጠበቃት። መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ ብዙ ቆየ።

«ተኛህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ተኝቻለሁ፣ እማ» አላት።