ለመከታ የመጡ ለቀስተኞች

ውሻዬ መከታ የሞተ ለት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። ደርግ በወደቀ ዓመት አምጥቼ ከቡችላነቱ ያሳደግኩት ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዜን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ እባብ ነደፈው፤ እዚያው ሙዙ ሥር ቀበርኩት። ልጆቼ አዋሳ ገብተው ቀርተዋል። ማታ ስገባ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር። እና የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ የሰው ልጅ «እግዜር ያጽናሽ» እንዲለኝ።

የኛ ሰፈር ደግሞ የተዘቀዘቀ ነጠላ ካየ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ የሞተውን በኋላ ያጣራል። ጎረቤቴ ልክነሽ፣ የእድሩ ሴቶች አለቃ፣ ንፍሮ በሳፋ ተሸክማ «ወይኔ ጉታ! ወይኔ ወንድሜ!» እያለች ገባች። ጨንቻ ታሞ የተኛ ወንድም አለኝ፤ እሱ መስሏት ነው። ሌሎቹም ተከትለዋት ጎረፉ። ጉታን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ሁሉ ቁመናውን እያነሳች ደረቷን መታች። ውሻው እንዳልጮኸባቸው ልብ ያለ የለም። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ማንም ስላልጠየቀኝ ማንንም አልዋሸሁም።

አባ ተስፋጽዮንም ጥላቸውን ይዘው መጡ። መስቀል አሳለሙኝና «ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ» አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ንፍሮ ዘገኑ።

«ለመሆኑ ጉታ መቼ አረፈ?»

«ጉታ ደህና ነው፣ አባ። የሞተው መከታ ነው።»

አንዷ እንባዋን ልትጠርግ ያነሳችው እጅ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ውሻው?» አለች ልክነሽ። «በውሻ አስለቀስሽን? ለባልሽ እንኳ እንዲህ አልሆንሽ!»

«ባሌ መቼ ቤቱ ያድር ነበር?»

ከጥግ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች። ልክነሽ ሳፋዋን ከአባ እጅ ሥር መንጭቃ ወጣች፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሻሺቱ፣ ውሻ ገነት አይገባም።»

«ያስገቡት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ሄደው ያስወጡት።»

«እኔ ለሰው ብዬ ነው!»

«እግዜር ግን ማን እንደሞተ ያውቅ ነበር። ዝም ብሎ ሰማዎት።»

ተቆጥተው ተነሱ። መከታ አባን አይወድም ነበር፤ ስለዚህ በኛ በር ሲያልፉ ድንጋይ ሳይዙ አልፈው አያውቁም። ዛሬም በሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና እሱ ወደሚተኛበት ጥግ ዞሩ። ጥጉ ባዶ ነው። ድንጋዩን እንደያዙ ቆሙ። ቆይተው ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት።

«ክፉ ነበር» አሉ።

«ለእርስዎ ነዋ።»

«በሩ እንዴት ጭር አለ…» ወደ አጥሩ ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክነሽ እንዳትሰማ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

«አሜን!» አልኩ፤ ልክነሽ እንድትሰማ።