ቁልቁለቱ እስኪያልቅ

ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሲነዳ አይቸኩልምና ተሳፋሪዎቹ «ጋሽ ቀስታ» ይሉት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያረጀውን አውቶቡስ ገዝቶ ወንበሮቹን ነቃቀለ፤ አልጋ፣ ምድጃና የሚስቱን የስፌት መኪና አስገባበትና ቤት አደረገው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ «እኔ ጎማ ባለው ቤት አላረጅም» ብላ አኩርፋ ነበር፤ ኋላ ግን ለመስኮቶቹ ሁሉ መጋረጃ የሰፋችው ራሷ ነች።

ሰውየው ታሞ በሽታው ሲጠናበት ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሊሄዱ ተነሱ። እዚያ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ የሰፈሩ መንገድ ግን ጠባብ ስለሆነ አውቶቡስ አያስገባም። ስለዚህ ሞተሯ የተበላሸባትን ትንሿን መኪናቸውን ጎትተው መውሰድ ነበረባቸው። ወንድምየው መካኒክ ነው፤ ይጠግናትና በሽተኛውን ያመላልሱባታል። አንድ በያጅ ወፍራም ብረት በይዶ መኪናዋን ከአውቶቡሱ ኋላ አሰረላቸው።

አውቶቡሱን የምትነዳው ልጃቸው ነበረች፤ እሷም እንደ አባቷ ሹፌር ናት። በምትጎተተው መኪና ውስጥ ደግሞ መሪ የሚይዝ፣ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ከልብስ ሰፊዋ በቀር ማንም አልተገኘም።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት ባሏ።

«ምን ያስፈራኛል? መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ እጅ መሪ ያቅተዋል?» አለች።

ልጅቷ «አባዬ፣ ስትጠራኝ እንድሰማህ እኔ አጠገብ ተኛ» ብትለው እምቢ አለ። አልጋው ከኋላ መስኮት ሥር እንዲሆን ፈለገ። «ዕድሜ ልኬን መንገድ ሳይ ኖሬአለሁ። ዛሬ እናትሽን ልይ» አለ።

እናም ትራስ ተደግፎ በመስታወቱ ቁልቁል እያያት በእጁ ይመራት ጀመር። መዳፉን ወደ ታች ሲያደርግ ቀስ በይ ማለቱ ነው፤ መታጠፊያ ሲመጣ ጣቱን ወደዚያው ያዘነብላል። አንዴ ምላሱን አውጥቶባት ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። አንድ ነገር ከተፈጠረ ክላክስ እንድታደርግ ከልጇ ጋር ተስማምተዋል።

ከተራራው ጫፍ ቁልቁለቱ ጀመረ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ድንጋይ፤ ከፊት ከባድ መኪኖች ሽቅብ እያቃሰቱ ይመጣሉ። ገና ቁልቁለቱ መሃል ያለው ድልድይ ጋ ሳይደርሱ ሰውየው መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ጥቂት ቆይቶ እጁ ተንሸራቶ ወረደ። ግንባሩ መስታወቱ ላይ አረፈ። አውቶቡሱ በተናጠ ቁጥር ግንባሩ ይጋጫል፣ እሱ ግን ቀና አይልም። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ እሷን አያዩም።

እጇ ወደ ክላክሱ ሄደ። ወዲያው ግን ልጇን አሰበች። ይህቺ ልጅ አባቷ ሲያስነጥስ እንኳ ዞር የምትል ናት። አሁን ብትደነግጥስ? እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ፍሬኑን ድንገት ብትረግጠውስ? እጇን ወደ መሪው መለሰች።

«ትንሽ ቆየኝ» አለችው ጮክ ብላ። «ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ቆየኝ። ልጅህን ላውጣት።»

እንባው መንገዱን እንዳይጋርድባት በትከሻዋ እየጠረገች፣ የአውቶቡሱ ቀይ መብራት ሲበራ ፍሬን እየረገጠች፣ ፊት ለፊቱ ሆና ያን ሁሉ ጥምዝ ወረደች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት አጠገብ፣ ክላክሱን ተጫነችው።

ልጅቷ እየሮጠች መጣች። የእናቷን ፊት አየችና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። ወዲያው ወጣች።

«መቼ ነው?»

«ቁልቁለቱ እንደጀመረ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ? እማዬ! መንገዱን ሙሉ ጮክ ብዬ እያወራሁት ነበር እኮ! ድልድዩን ስናልፍ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ነገርኩት። ዝም ሲል ደስ ብሎት ነው አልኩ። ሰምቶኛል አይደል?»

«አዎ» ብትል ማንም አይመረምራትም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶላትም ነበር። ግን የልጇን ዓይን እያየች አላስቻላትም።

«የለም ልጄ፣ አልሰማም። ከድልድዩ በፊት ነው የሄደው። ግቢ፤ ገና አልቀዘቀዘም። እንደገና ንገሪው።»

ልጅቷ አፍጥጣ አየቻትና ገባች። ልብስ ሰፊዋ ውጭ ቀረች። ቃሉ አይሰማትም፤ የሚሰማት ድምፁ ብቻ ነው፤ ሲያለቅስ፣ ሲቋረጥ፣ አንዴም የሚስቅ ሲመስል።

ከዚያ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ወረደች። «መኪናዋን አሁን ለማን ብለን እንጎትታት?» አለች። ጎሚስታው ብረቱን ፈቶ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አደረገላቸው። «እማማ፣ አያስቡ። እስክትመለሱ እኔ አለሁ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ገብታ ባሏን አቃናችው፣ ዓይኖቹን ከደነች፣ አጠገቡም ተቀመጠች። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር እንዳይንከባለል ትከሻውን ትይዛለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣

«እማዬ፣ አርግዣለሁ» አለች።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሦስተኛዬን ይዣለሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰሻል?»

«አይወርድልኝም።»

«ይወርድልሻል» አለች። ተነሥታ ዳቦ አወጣችና የአውቶቡሱን መያዣ ብረት እየተደገፈች ወደ ፊት ሄደች። እየቆረሰች አፏ ውስጥ ታደርግላት ጀመር። ልጅቷም እያለቀሰች አላመጠች።

ከተማው ሲደርሱ ወንድምየው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን እያውለበለበ ይጠብቃቸው ነበር።

«ምን እለዋለሁ?» አለች ልጅቷ።

«ሞተሩን አጥፊና ተቀመጪ» አለች እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኔ ወርጄ እነግረዋለሁ።»